ቆሼን እስክናልፍ

ሻርጃ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ ደግፌ፣

የጌታ ሰላም ለእርስዎና ለቤትዎ ሁሉ ይሁን። ጉልበትዎ እንዴት ከረመ? እኔ ደህና ነኝ። የበጋው ቃጠሎ በረድ እያለ ስለሆነ እዚህም ሰው ደጅ መውጣት ጀምሯል።

ይህን ደብዳቤ ከነዕቃው የምታደርስልዎ ዙሀራ ናት፤ የሰፈራችን ዙሀራ፣ ልብስ ልትገዛ ወዲህ የምትመላለሰው። በወረቀት መጻፌ አይግረምዎ። ስልኩን እርስዎ ቢይዙትም የምታዳምጠው እማዬ መሆኗን ሁለታችንም እናውቃለን፤ ይሄ ደግሞ እሷ ሳትሰማ እንድንጨርሰው የምፈልገው ጉዳይ ነው።

የአባባ መኪና ነገር ነው። እማዬ ለእግሯ ቁስል በየሳምንቱ ቤቴል ክሊኒክ መሄድ አለባት፤ ቁስሉ በጊዜው ካልታጠበ ስኳሩ እግሯን እንደሚያስቆርጣት ሐኪሙ ነግሯታል። እሷ ደግሞ አባባ ከሞተ ወዲህ ከእሱ መኪና ሌላ አልሳፈርም ብላለች። አሮጌዋ ፓትሮል ዳገቱ መሃል ጥቁር ጭስ እየተፋች እንደምትቆምና ሁለት ቀጠሮ እንዳለፋት ሰምቻለሁ። እንግዲህ መኪናዋ ካልዳነች የእማዬም እግር አይድንም።

የላክሁት ዕቃ ቀዝቃዛ አየር ማስገቢያ ይባላል። በምሠራበት ሱቅ በረሃ ለሚወጡ መኪናዎች የምንገጥመው ነው። የፋብሪካው የፊልትሮ ሳጥን እዚያው ሞተሩ ጉያ ውስጥ ስላለ የሞተሩን ትኩስ አየር መልሶ ያስገባለታል፤ ይሄኛው ግን ከሙቀቱ ራቅ ብሎ በጎማው መከለያ በኩል የውጪውን አየር ይስባል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ አሮጌ ሞተር ትንፋሽ ያጥረዋል። አሠራሩ ከባድ አይደለም። አሮጌውን ሳጥን ፈትታችሁ ታወጣላችሁ፣ የአሉሚኒየሙን ቱቦ በጎማ መታጠፊያው ከሞተሩ ጋር አያይዛችሁ በፋሼታ ቀለበቱ ታጠብቃላችሁ፣ ሾጣጣውን ፊልትሮ ጫፉ ላይ ትሰካላችሁ፣ ላሜራዋን ሙቀት እንድትከልል በመሃል ታቆሟታላችሁ፤ አለቀ።

አንድ ነገር ብቻ እንዳትረሱ። አባባ ቱቦ ሳይነፋበት አይገጥምም ነበር። የናፍታም ይሁን የውሃ፣ መጀመሪያ በአፉ እፍ ብሎ ትንፋሹ በማዶ ሲወጣ በመዳፉ ሳይዳብስ ብሎን አያጠብቅም። ልማዱ እኔንም አልለቀቀኝም። ከማሸጌ በፊት ሳንባዬ እስኪጨርስ ነፍቼበት ሁለቱንም አፉን በፕላስተር ዘግቼዋለሁ። እናንተም ስትገጥሙት ንፉበት።

ስላልደወልኩ አይቀየሙኝ። እዚህ የኢንተርኔት ጥሪ አስቸጋሪ ነው፤ ደግሞ ትንሽ ጉንፋን ይዞኝ ድምፄ ተዘግቷል። ለእማዬ ደህና ነው በሏት።

የእህትዎ ልጅ፣
ጋዲሳ ገረሱ


ኮልፌ ቀራንዮ፣ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ የእህቴ ልጅ ለጋዲሳ፣

እመብርሃን ከክፉ ሁሉ ትጋርድህ፣ በሄድክበት ሞገስ ትሁንህ። ጉልበቴን ጠይቀሃል፤ እንደ መኪናችሁ ነው፣ ቁልቁለት ላይ ጎበዝ ነው።

ዕቃው በሰላም ደርሷል። እናትህ ሳታውቅ እንጨርሰው ያልከው ግን አልሆነም። ዙሀራ ገና የበሩን መዝጊያ ሳትለቅ እናትህ ካርቶኑን አይታዋለች። ምንድን ነው አለችኝ። ቀዝቃዛ አየር ማስገቢያ ነው አልኳት። ስሙን መጥራት አልነበረብኝም። ታክሲ ውስጥ መስኮት በጣት ስፋት ሲከፈት ከረዳት ጋር የምትጣላ ሴት መሆኗን ታውቃለህ። "ባሌን የገደለው ብርድ ነው። አሁን ደግሞ ለመኪናው ብርድ በጭነት አስመጣችሁለት?" ብላ ምሳ ሳትሰጠኝ ቀረች።

ለማንኛውም ዓለም ባንክ ሰፈር ወስደን ዳባ ጋራዥ አስገጠምነው። ዳባ ያው የአባትህ ጓደኛ ነው፤ ለገረሱ መኪና ሲሆን እጁን አይሰስትም። የሆነች ነገር ልንገርህና ሳቅብን። የቱቦውን ፕላስተር በምላጭ ሲቀደው ከውስጡ የሆነ ነገር እፍ ብሎ ወጣና ጉንጩን ነካው። ዳባ እጁን ጉንጩ ላይ አድርጎ ቆሞ ቀረ። "ሞቅ ይላል" አለኝ። ሻርጃ ሙቀት አገር አይደል፣ የአገሩን አየር ይዞ መጥቶ ነው ብዬ ሳቅሁበት። እሱ አልሳቀም። ንፉበት ያልከውንም አልነፋንም። የእኔ የላይኛው ጥርስ ሰው ሠራሽ ነው፤ ብነፋ ጥርሴንም አብሬ ነበር የምነፋው። ዳባ ደግሞ ከዚያ በኋላ አፉን ወደ ቱቦው ማስጠጋት አልፈለገም።

መኪናዋ ግን ሌላ መኪና ሆነች። ጭሱ ጠፋ፣ ዳገቱን ሳታቃስት ወጣችው። ድምፅም አወጣች፤ ነዳጅ ስትሰጣት አየር ስትስብ ይሰማል፣ እግርህን ስታነሳ ደግሞ እፍ ትላለች። ዳባ እንደሚለው ፊልትሮው ሳጥን ውስጥ ስላልተከደነ ነው። ደስ ብሎኝ ማክሰኞ እናትህን ጭኜ ወደ ቤቴል ነዳሁ።

እንግዲህ አሁን የምጽፈውን ጠጥቶ ነው እንዳትለኝ። ከእኛ ቤት ቤቴል ለመድረስ ቆሼን ማለፍ ግድ ነው። የቆሼ አጥር እንደጀመረ ድምፁ ጭጭ አለ። ሞተሩ አልጠፋም። ጎማው ይዞራል፣ ፍጥነታችንም አልቀነሰ። አየር የሚስበው ነገር ብቻ ቆመ። አጥሩ ሲያልቅ አንድ ረጅም ስባ እንደገና ጀመረች። ስንመለስም እዚያው ቦታ እንደዚያው ሆነ። እኔ ዕድሜዬን በከተማ አውቶቡስ መሪ ላይ ነው የጨረስኩት፤ አየር ሳይስብ የሚሠራ ሞተር አጋጥሞኝ አያውቅም።

እናትህ የታመመ ልጅ ግንባር እንደምትዳብስ እጇን ዳሽቦርዱ ላይ አሳርፋ ተቀመጠች።

ምን ይመስልሃል? ደግሞ ለምን አትደውልም? የምትጽፈውን መልእክት ለእናትህ ባደርስላትም እሷ የምትፈልገው ድምፅህን ነው።

አጎትህ፣
ደግፌ


ሻርጃ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ ደግፌ፣

ጌታ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤዎን ሳነብ ጥርስዎ ጋ ስደርስ በጣም ሳቅሁ፤ ስስቅ ሳል ያዘኝና አብሮኝ የሚኖረው ልጅ፣ ነገሬ የሚባለው፣ ውሃ ይዞልኝ ሮጠ። ጉንፋኑ ትንሽ ቆየብኝ። የሱቁ አቧራ ነው፤ እዚህ የፋይበር መከለያ ስንሞርድ የሚነሳው ብናኝ ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል።

የመኪናዋን ነገር እንዲህ ይመስለኛል። ወይ ፋሼታው ላልቶ አየር ከሌላ በኩል እየገባላት ነው፣ ወይ የአየር መለኪያዋ ሴንሰር ቆሽሻለች። ዳባ ፈትቶ በስፕሬይ ይጠባት፣ ፋሼታዎቹንም ደግሞ ያጥብቃቸው። ድምፁ አጥሩ ጋ የሚጠፋው ደግሞ የመንገዱ አቀማመጥ ይሆናል። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ እንጂ ለምን ቆሼ ጋ እንደሆነ እኔም አላውቅም።

አንድ ነገር ግን አስታወሰኝ፤ እርስዎ ይህን አያውቁት ይሆናል። ልጅ ሆኜ በዚያችው ፓትሮል ስንሄድ፣ ቆሼ ልንደርስ ስንል አባባ "ትንፋሽ ያዙ!" ይል ነበር። የቆሻሻው ተራራ ሽታ እንዳይገባብን ነው። እሱ መሪው ላይ፣ እማዬ ከጎኑ፣ እኔ ከኋላ፣ ሦስታችንም ጉንጫችንን ነፍተን እንይዛለን። እሱ ሳይፈቅድ መተንፈስ የለም። አጥሩ ሲያልቅ "በቃ፣ አልፈናል! ተንፍሱ!" ብሎ ይጮሃል፣ ያን ጊዜ እፎይ እንላለን። አንዳንዴ ሊያሾፍብን ብሎ አጥሩ ካለቀ በኋላም ዝም ይላል። እማዬ ተንፍሳ በቡጢ ትመታዋለች። እኔ ግን እንባዬ እስኪወርድ እይዝ ነበር። አንድም ቀን እሱ በቃ ሳይል ተንፍሼ አላውቅም።

እማዬን ይህን ባያስታውሷት ይሻላል። እግሯስ? ቁስሉ ደረቀላት? ስለመደወሉ፣ ድምፄ ይከፈትልኝና እደውላለሁ። ደህና ነኝ።

የእህትዎ ልጅ፣
ጋዲሳ


ኮልፌ ቀራንዮ፣ ጥር 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጋዲሳ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰህ፤ በሰው አገር ብቻህን የዋልክበትን በዓል በቤትህ የምትውለው ያድርግልህ። የእናትህ ቁስል እየደረቀ ነው። ይህን በቅድሚያ የጻፍኩት የምሥራቹ እሱ ብቻ ስለሆነ ነው።

ያልከውን ሁሉ አደረግን። ሴንሰሯ ታጠበች፣ ፋሼታው ጠበቀ፣ ዳባ መታጠፊያውን አዲስ ለወጠው። ምንም ለውጥ የለም። ለውጥ አለ እንጂ፤ ብሶበታል። መጀመሪያ ዝምታው በአጥሩ ልክ ነበር። ከገና በፊት አጥሩን አልፎ እስከ መታጠፊያው ድረስ መሄድ ጀመረ። አሁን ድልድዩንም እናልፋለን፤ ገና ዝም እንዳለች ነው። ሌላ ቦታ ይሄ የለም። አየር ጤናም፣ ዓለም ባንክም፣ የትም ብነዳት እንደ ጤነኛ ሰው ትተነፍሳለች። እዚያች መንገድ ላይ ብቻ ትይዛለች።

አዎ፣ "ትይዛለች" ነው ያልኩት። የአንተን ደብዳቤ ካነበብኩ በኋላ ሌላ ቃል ጠፋብኝ።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ መኪና ነው ብዬ እተወው ነበር። እናትህ አብራት ትይዛለች። ማስታወስ አላስፈለገኝም። አጥሩ ሲጀምር አፏን ግጥም ታደርጋለች፣ ዓይኗን ከመንገዱ አትነቅልም፣ መኪናዋ እስክትለቅ አትለቅም። መንገዱ ሲረዝም የእሷም አብሮ ረዘመ። ባለፈው ማክሰኞ ከንፈሯ ጠቆረ። "ዋጌ፣ አልፈናል እኮ! ተንፍሺ እንጂ!" ብዬ ጮኽኩ። በእጇ ዝም በል አለችኝ። ክሊኒክ ስንደርስ ነርሷ ግፊቷን ለክታ ሁለቴ አየችኝ፤ እኔ የተጣላኋት መስሏት ይሆናል። አሁን ደግሞ ቀጠሮ በሌላት ቀንም ውሰደኝ ትላለች። ቤቴል ምን ልትሠሪ ስላት፣ ቤቴል ማን ሄደ ትለኛለች።

ልጄ፣ የምፈራውን ልንገርህ። አባትህ ሊወስዳት መጥቷል። በሕይወቱ ያለ እሷ ገበያ እንኳ አይወጣም ነበር። የሚካኤልን ጸበል ይዤ ሄጄ ሞተሩ ላይ ረጭቻለሁ፤ ጴንጤው አባትህ ካለበት ሆኖ ስቆብኝ ይሆናል። ቢስቅም ይሳቅ፣ እህቴን ግን አልሰጠውም።

ዕቃውን ፈትቼ አሮጌውን ሳጥን ልመልስ ነው። ጭሷን እየተፋች ብትቆም ገፍቼ አደርሳታለሁ። ነገር ግን መኪናው የአባትህ ነው፣ ወራሹ አንተ ነህ፤ ዕቃውንም የላክኸው ለእናትህ ብለህ ነው። ሳልጠይቅህ አልነካም። ዙሀራ ከጥምቀት በኋላ ወዲያ ትመጣለችና በእሷው እጅ ፈጥነህ መልስልኝ። ባትጽፍ እንኳ ደውል። እናትህ ትስማ ግድ የለም።

አጎትህ ደግፌ


ሻርጃ፣ የካቲት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ደግፌ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ደህና ነኝ። ጽሑፉ የእኔ ያልሆነው ጣቴን ላሜራ ቆርጦኝ ስለሆነ ነው፤ እኔ እየነገርኩት የሚጽፈው ነገሬ ነው። መልሱም የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ዕቃውን ፍቱት። አሮጌው ሳጥን ይመለስ።

እማዬ እንዳትይዝ። እሷ እንድትይዝ አልፈልግም። ከልክሏት።

ደህና ነኝ። ደህና ነው በሏት።

ጋዲሳ


ኮልፌ ቀራንዮ፣ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋዲሳ፣

ዛሬ ሰላምታው ይቆየኝ። እግዚአብሔር ይጠብቅህ፤ ከዚህ በላይ ምርቃት አሁን የለኝም።

ደብዳቤህ እንደደረሰኝ ትናንት ረቡዕ ጠዋት ዳባን ከነመፍቻው ይዤ ወደ ቤታችሁ ሄድኩ። አሮጌውን ሳጥን ከቆጥ አወረድን። ዳባ ኮፈኑን ከፍቶ ገና ካቻቢቴውን ሳያስጠጋ እናትህ በዚያ እግሯ ከቤት ወጥታ መሃላችን ገባች። "ማንም አይነካውም" አለች።

እኔም የያዝኩትን ሁሉ አፈረጥኩት። "ገረሱ ሊወስድሽ ነው የመጣው፣ ልጅሽም ፍቱት ብሏል፣ ይኸው ደብዳቤው" አልኳት። ወረቀቱን ተቀብላ አየችው። አላነበበችውም፣ አየችው ብቻ። ከዚያ ሳቀችብኝ፤ ሳቋን ግን አልወደድኩትም።

"ገረሱ ነው ያለህ ማነው?" አለችኝ። "የገረሱን ትንፋሽ እኔ አላውቀውም? ስንት ዘመን አጠገቡ ተኝቼ! እሱ ያንኮራፋል፣ መሃል ላይ ያፏጫል። ይሄ ስቦ ሊጨርስ ሲል ትንሽ ይሰቀልና ነው የሚለቀው። ይሄን ጡቴ ላይ አስተኝቼ ነው ያዳመጥኩት። ይሄ የጋዲሳ ነው።"

ዳባ መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

"ነፍቶበታል" አለች። "አባቱ ያስተማረው ነው፣ ሳይነፋ አይልክም። እናንተ ደግሞ አልነፋችሁበትም፣ ስለዚህ ከእሱ በቀር የማንም ትንፋሽ የለበትም። ድምፁን የከለከለኝ ልጅ ትንፋሹን ላከልኝ። የመጀመሪያ ቀን ነው ያወቅሁት፤ እያጠረው ነው፣ ደግፌ። አብሬው የምይዘው ብቻውን እንዳይሆን ብዬ ነው።"

"ታዲያ ለምን ይይዛል?" አልኳት። እንደ ልጅ ነበር የጠየቅኋት።

"አባቱ በቃ ሳይለው ለቆ አያውቅማ! እንደዚያ አድርገን ነው ያሳደግነው። አባቱ ደግሞ ሞቷል። ማን በቃ ይበለው?"

ከዚህ በኋላ ያዘዘችኝን አደረግሁ። ዳባ ከኋላ፣ እሷ ከጎኔ ሆና ነዳሁ፤ እኩለ ቀን ገደማ ይሆናል። አጥሩ ሲጀምር ድምፁ ቆመ። አጥሩ አለቀ። መታጠፊያውን አለፍን፣ ድልድዩን አለፍን፣ አስፋልቱ ላይ ፀሐይ ብቻ ነው ያለው፣ መኪናዋ ትሄዳለች፣ አትተነፍስም። እንደዚያ ቀን ረዝሞ አያውቅም። እናትህ "ቁም!" አለችኝና ሳልቆም በሩን ከፈተች።

ሞተሩን ሳላጠፋ ኮፈኑን ከፈትን። እጄን ፊልትሮው ላይ አደረግሁት። ምንም የለም፣ ጋዲሳ። ሞተሩ ይዞራል፣ ቀበቶው ይሽከረከራል፣ አየር የሚገባበት አፍ ግን እንደ ግድግዳ ነው። ከቆሼ የሚመለሱ ሁለት ሴቶች ከረጢታቸውን አውርደው ቆመው ያዩናል። ዳባ በእጁ አፉን ይዟል፤ እሱም ትንፋሹን እንደያዘ ያኔ አየሁ። እኔም ይዤ ነበር።

እናትህ አጎንብሳ አፏን ፊልትሮው ላይ አስጠጋች። የጮኸችው በራሷ ድምፅ አይደለም፣ በአባትህ ነው፣ እሱ መኪናው ውስጥ በሚያዝበት አነጋገር። "በቃ! ጋዲሳ! በቃ፣ አልፈናል! ተንፍስ!"

ምንም። ደግማ ጮኸች። ድምፏ ተሰነጠቀ። ከዚያ እኔም አላፍርም፣ አብሬያት ጮኽኩ፣ ዳባም ጮኸ፣ መንገድ ዳር ቆመን እንደ እብድ አንድ አሮጌ መኪና ላይ ተንፍስ እያልን እንጮሃለን። መጀመሪያ የእናትህ ነጠላ ጫፍ ተነቃነቀ። ቀስ ብሎ ወደ ፊልትሮው ተሳበና ተጣበቀበት። ከዚያ መኪናዋ ሳበች። እንደዚያ ያለ ረጅም ስበት ሰምቼ አላውቅም፤ ማብቂያ ያለው አይመስልም ነበር። መጨረሻው ላይ እናትህ እንዳለችው ትንሽ ተሰቀለና ተለቀቀ።

እናትህ አቧራው ላይ ቁጭ አለች። አላለቀሰችም። "ጻፍለት" አለችኝ። "በገዛ እጁ ይጻፍ በለው። ደህና ነኝ የሚለውን ቃል ካየሁበት አላነብለትም።"

እኔም እልሃለሁ። ስንት ዓመት ሞተር ሳዳምጥ ኖሬ፣ ደብዳቤህ ላይ ስታስል አልሰማሁህም። ተናድጄብሃለሁ፣ በራሴም ተናድጃለሁ። ዕቃው አልተፈታም። ዙሀራ መቼ ወዲያ እንደምትመጣ አላውቅም፤ እስከዚያ ይህ ወረቀት ኪሴ ውስጥ ነው።

ደግፌ


ሻርጃ፣ መጋቢት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ ደግፌ፣ ለእናቴም፣

ጌታ ይባርካችሁ። እኔ ደህና አይደለሁም።

ፊደሉ የተንጋደደው እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ነው፤ ጣቴን የቆረጠኝ ነገር የለም። ካለፈው ወዲህ ከእናንተ ምንም አልደረሰኝም፣ ዙሀራም አልመጣችም፤ ይህን የሚወስድልኝ ነገሬ ያገኘው አንድ መንገደኛ ነው። ስለዚህ ዕቃውን ፈታችሁት ይሁን አልፈታችሁት አላውቅም። አልፈታችሁት እንደሆነ ብዬ ነው የምቸኩለው።

ሳንባዬ ነው። ዕቃውን ስልክላችሁም ጀምሮኝ ነበር። ለዚያ ነው ያልደወልኩት፤ እማዬ አንድ ቃል ከሰማች ታውቃለች። ጥር ላይ ሆስፒታል ገባሁ። የካቲት ላይ ለነገሬ የነገርኩት ደብዳቤ እያንዳንዱ ቃል በየመሃሉ እያረፍኩ የወጣ ነው። ከዚያ በኋላ በማሽን ነው የተነፈስኩት።

ባለፈው ረቡዕ የሆነውን ግን ልጽፍላችሁ ይገባል። ነገሬ አጠገቤ ነበር፣ እኩለ ቀን ገደማ ነው ይላል። እኔ በዚያ ሰዓት ሆስፒታል አልነበርኩም። ፓትሮሏ ውስጥ፣ ኋላ ወንበር ላይ ነኝ፣ እግሬ ወለል አይደርስም። አባባ ይነዳል። ትንፋሽ ያዙ ብሎናል፣ ይዘናል። አጥሩ አያልቅም። እንነዳለን፣ አጥሩ አያልቅም። መተንፈስ አቅቶኝ አልነበረም፣ አባባ ስላልፈቀደልኝ ነው። በስፖኪዮው አየሁት። እሱም ጉንጩን ነፍቶ ይዟል። ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው። ከያዘ የቆየ ሰው ነው የሚመስለው፤ በቃ ማለት የረሳ።

ከዚያ እማዬ ከፊት ወንበር ዞረች። እሱን አልመታችውም፣ ወደ እኔ ዞረች። "በቃ፣ አልፈናል! ተንፍስ!" አለችኝ፤ ከኋላዋ ሌሎችም ሰዎች ይጮሃሉ። እኔ ግን አባባን ነበር የማየው። እሱ አልዞረም፣ አፉንም አልከፈተም። እጁን ብቻ ከመሪው አንስቶ፣ ውረድ እንደሚል ሰው፣ በሩን አሳየኝ።

ነገሬ እንደነገረኝ ማሽኑ ይጮህ ነበር፣ ነርሶቹም ሮጠው መጥተው ተስፋ ቆርጠው እጃቸውን አንስተው ነበር። ያን ጊዜ ነው የሳብኩት። አንድ የማይገባኝ ነገር አለ። አፌ ውስጥ የቆሼ ሽታ ነበር። ትኩሳት ነው እንዳልል ነገሬም ሸተተው፤ ቆሼን በዓይኑ አይቶት የማያውቅ ሰው "ምን ተቃጠለ?" ብሎ መስኮቱን ሊከፍት ተነሳ። የዚህ ክፍል መስኮት አይከፈትም።

ከትናንት ጀምሮ በራሴ እተነፍሳለሁ። ሐኪሙ እንዲህ ከቀጠልክ ከፋሲካ በኋላ አገርህ ትገባለህ ብሎኛል። እንዲህ ከቀጠልኩ ነው ያለው።

ጋሼ፣ ፍቱት ብዬ ያዘዝኩትን ይተዉት። ፈትታችሁት ከሆነም ዛሬውኑ መልሱት። እስክመጣ ድረስ ማንም ሌላ ሰው እንዳይነፋበት።

እማዬ፣ አንቺ ከእንግዲህ አትያዢ። ቆሼ ጋ ስትደርሺ መስኮቱን ክፈቺና እየተነፈስሽ እለፊ፤ ብርዱም ይግባ፣ ሽታውም ይግባ። አጥሩ ሲያልቅ ብቻ ጮክ ብለሽ በቃ በይኝ።

እሰማሻለሁ።

ልጅሽ ጋዲሳ